ደም አላነሰንም!

የደሴ ብርድ ለሁሉም ብርድ ነው። ሬይኖድ የሚባለው የደም ስር ችግር ያለበት ሰው ግን ሲበርደው የጣቶቹ ደም ስር ተኮማትሮ ደም ይከለክለዋል፤ ጣቱ እንደ ወረቀት ይነጣል፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ደሙ ሲመለስ ቀልቶ ይወጋል፣ ያቃጥላል። ይህን እያዩ «ደም አንሶህ ነው፣ ቀይ ሥር ብላ» ማለት ምን ይሉታል? መንገዱ ነው የጠበበው!

ከሁሉ የሚያንገበግበው «እሳት ሙቅ» የሚለው ምክር ነው። የደነዘዘ ጣት ከሰል ላይ ተዘርግቶ መቃጠሉን አያውቅም፤ የሚታወቀው ቆዳው ሲላጥ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ፣ በሌላ ሰው እጅ ወይም በክርን ተለክቶ፣ ጣቱ እስኪቀላ መንከር ይበቃል። ውሃ ከሌለ ብብት አለ። ጓንት የሚጠለቀው ከቤት ሳይወጣ ነው እንጂ ጣት ከነጣ በኋላ አይደለም። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ መደረብማ ጭራሽ ደሙን ያንቃል።

«ኮምቦልቻ ውረድ፣ ይለቅሃል» የሚሉም አሉ። ሙቀቱ ይረዳል፤ ግን ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ወይም ድንጋጤ እዚያም ያስነሳዋል። ሲጋራና እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ያብሱታል፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ይቀይረው እንጂ በራስ አይቆምም። ጣት ጫፍ ላይ ቁስል ከወጣ ደግሞ ቅባት እየቀቡ መጠበቅ የለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት!