ይድረስ ለጋሽ ጭስ፦ ቤት ስለመልቀቅ

ለክቡር ጋሽ የሲጋራ ጭስ
ሳሎናችን፣ ከኮርኒሱ ሥር
ጅማ

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ጋሽ ጭስ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እርግጥ እርስዎን ስለ ጤና መጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም። እኛ ከሳሉ፣ ከአፍንጫ መታፈኑና ከሚጣ ጥርስ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

እዚህ ቤት መቼ እንደገቡ አላስታውስም። ኪራይ ከፍለው አያውቁም። የእድር መዋጮ ሲጠየቅ የሉም። ያም ሆኖ በዚህ ቤት የእርስዎን ያህል የተከበረ ሰው የለም። አባወራው ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ቀድሞ የሚጠራው እርስዎን ነው። እርስዎም ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ እየተንጎማለሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ኮርኒሱን ሳም አድርገው ይመለሱና ሶፋው ላይ ይሰፍራሉ። ከእሱ መቀመጫ በላይ ያለው ኮርኒስ ድሮ ነጭ ነበር። አሁን ቢጫ ነው፤ ያውም እሱ ከሚቀመጥበት በላይ ብቻ። ለበዓል መጋረጃ ሳጥብ የሚወጣው ውሃ ቀጭን ሻይ ነው የሚመስለው፣ የቀረው ስኳር ብቻ ነው። እንግዲህ መጋረጃው አያጨስም። ሚጣም አታጨስም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚጣ አራት ዓመቷ ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ድዱ ጥግ ላይ መጀመሪያ ነጣ ያለ መስመር አወጡ። ቆይቶ መስመሩ ቡናማ ሆነ። አሁን የአንዱ ጫፍ ተሸርፏል። ፎቶ እናንሳሽ ስንላት አፏን ግጥም አድርጋ ነው የምትቆመው።

እርስዎ ግን ዕድለኛ ነዎት። ይህ ሁሉ ሲሆን ስምዎን ያነሳ የለም። ሂርማታ ያለችው አክስቴ «ትል ነው የበላት» አለች። ጎረቤታችን እትዬ «ከረሜላው ነው፣ ተናግሬ ነበር» አሉ። አማቴ ነገሩን ወደ ዘሬ መለሱት፤ «በእነሱ ወገን ድሮም ጥርስ የለም» አሉ። የሰፈራችን ባለሱቅ ሳይቀር ተወቀሰ። ይህ ሁሉ ሸንጎ ሲካሄድ እርስዎ የት ነበሩ? እዚያው መሃል። ከአባወራው ጣት ተነስተው ሚጣ አናት ላይ እያንዣበቡ የምስክሮቹን ቃል ሲያዳምጡ ነበር።

ትሏን ልከላከልላት። የጥርስ ትል የሚባል ፍጥረት የለም። ጥርስ የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ስሙን መጥራት ለሚወድ ዋናው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። ስኳር ይበላሉ፣ አሲድ ይለቃሉ፣ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ይሸረሽረዋል። ስለዚህ ከረሜላውን ነፃ አላወጣውም፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ነው። ግን ብቻውን አልሠራም። ግብረ አበር አለው።

ይህን ያወቅነው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ነው። ሐኪሟ የሚጣን አፍ በትንሿ መስታወት እያየች ትጠይቀናለች። ጣፋጭ ታበዛለች? ጡጦ አፏ ውስጥ እንዳለ ትተኛ ነበር? በቀን ስንት ጊዜ ትቦርሻለች? ሁሉንም እንደ ጎበዝ ተማሪ መለስን። ቀጠለችና «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» አለች።

አባወራው ጣራ ጣራውን አየ። «አልፎ አልፎ… መስኮት ከፍቼ» አለ።

ፓኮው ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ ነበር። ሐኪሟ አየችው። እኔም አየሁት። ሚጣ ያልተናገረችው አፏን ከፍታ ስለነበር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰማነውን ልንገርዎት፤ ሥራዎን ከሰው አፍ ቢሰሙት ደስ ይልዎታል። ምራቅ ለጥርስ ትልቅ ነገር ነው። አሲዱን ያበርደዋል፣ ሽፋኑ ያጣውንም ማዕድን ይመልስለታል። እርስዎ ሲመጡ የሕፃን አፍንጫ ይታፈናል። አፍንጫ ሲታፈን በአፍ መተንፈስ ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ በአፏ የምትተነፍስ ልጅ አፏ ደርቆ ያድራል። ያኔ ባክቴሪያዎቹ ከልካይ የላቸውም። ኒኮቲን ደግሞ በላቦራቶሪ ሲሞከር እነዚሁ ባክቴሪያዎች እንዲራቡና ጥርስ ላይ እንዲጣበቁ ሲያግዝ ታይቷል። በዚያ ላይ የወተት ጥርስ ሽፋን ከአዋቂ ጥርስ ይልቅ ስስ ነው። አባት ገንፎውን በማንኪያ ቀምሶ «አያቃጥልም» ብሎ በዚያው ማንኪያ ሲያጎርሳት ደግሞ የእሱ አፍ ባክቴሪያዎች ወደ እሷ ይሻገራሉ። ፍቅር ነው፣ ምን ይደረጋል።

ጃፓኖች እርስዎን በደንብ ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 ኮቤ ከተማ ውስጥ የተወለዱ 76,920 ሕፃናትን መዝገብ አገላብጠው በ2015 ውጤቱን አሳተሙ። አራት ወር ሲሞላቸው ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ ወይ ተብሎ ተጠይቋል፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቤቶች መልሱ አለ ነው። ጥርሳቸው ደግሞ ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ታይቷል። ጭሱ በቀጥታ ይደርሳቸው የነበሩት ልጆች ጥርሳቸው የመበላሸቱ ዕድል፣ የሚያጨስ ሰው ከሌለበት ቤት ልጆች ጋር ሲነጻጸር፣ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ውስጥ አጫሽ ኖሮ ልጁ ፊት ግን የማያጨስ ከሆነስ? እሱም አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ይህንን ቁጥር ለአባወራው ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሁለተኛውን የሰማ አልመሰለኝም።

አውቃለሁ፣ ጠበቃ ያቆማሉ። «ዝምድና ታየ ማለት እኔ አደረግኩት ማለት አይደለም፤ የሚያጨስ ቤት ጣፋጭም ያበዛ ይሆናል» ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፣ አጥኚዎቹም ራሳቸው አልካዱትም። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ደም ውስጥ ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚተወው ኮቲኒን የሚባል ነገር ምን ያህል እንደሆነ አዩ። ኮቲኒኑ ከፍ ያለባቸው ልጆች የወተት ጥርሳቸው ይበልጥ ተበላሽቶ ተገኘ። በቋሚው ጥርስ ላይ ግን ይህ አልታየም። ጋሽ ጭስ፣ ጉልበትዎ ስስ ላይ ነው ማለት ነው? እኛ ሰፈር ትንንሽ ልጅ ብቻ እየመረጠ የሚደባደብ ጎረምሳ ስም አለው። እዚህ አልጽፈውም።

ስለ መስኮቱ እናውራ። ይህ ጅማ ነው። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ማታ ቢያባራ ተመስገን ነው። መስኮት የሚከፍት ሰው አልጋውን ለማጠብ የፈለገ ብቻ ነው። ስለዚህ «መስኮት ከፍቼ» ማለት «መስኮት ለመክፈት አስቤ» ማለት ነው። ቢከፈትስ? እርስዎ በዓይን የማይታየው ክፍልዎ ነው የሚበዛው። ሽታው ጠፋ ስንል ለሰዓታት ይቆያሉ፣ ምንጣፍና ትራስ ውስጥ ያድራሉ። ሻንጣዎ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል ይዘው ነው የሚዞሩት፣ 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ ናቸው። ለአንድ ሳሎን ይህ ሁሉ ጓዝ!

ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ሲኖርማ የእርስዎ ሠርግ ነው። ፍራሹ ይነጠፋል፣ ትራሱ ይደረደራል። ኦቾሎኒው፣ ለስላሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። ምርቃናው እንዳይበተን በሩም መስኮቱም ይዘጋል። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል። ሚጣ መሃላቸው ገብታ አንዱ ጭን ላይ ቁጭ ትላለች። የግራው ለስላሳ ያስጎነጫታል፣ የቀኙ አናቷ ላይ ያጨሳል፣ ፊት ለፊት ያለው «እንዴት ያለች ተጫዋች ልጅ ናት!» ይላል። ስኳሩ፣ ባክቴሪያውና እርስዎ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ፍራሽ። ሁላችሁንም በአንድ ቀጠሮ የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሌላ ቦታ ያገኛሉ?

ከሁሉ የገረመኝ ሕጉ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሥራ ቦታና ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ አስወጥቶዎታል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥ አይቻልም። ሚጣ ገና 17 ዓመት ይቀራታል። እስከዚያው ግን በነፃ፣ ያውም ቤቷ ድረስ እየመጡላት ነው። ፓኮው ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን አስፈሪ ሥዕል እንዲኖር ታዟል፤ አባወራው ግን ሥዕሉ ታች እንዲሆን ገልብጦ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው። ሁለቱም በኩል ሥዕል ስላለበት በመጨረሻ የክብሪት ቀፎ ደረበበት።

አንዳንዴ ደግሞ ዘመድ ነኝ ይላሉ። ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅለው ይገቡና «እኔም እንደ እሱ ነኝ» ይላሉ። የቡና አገር ሰው አይታለልም። ዕጣኑም ቢሆን፣ የከሰሉም ጭስ ቢሆን፣ ለሕፃን ሳንባ ወዳጅ ነው አላልኩም፤ ለእነሱም በሩን እከፍታለሁ። ግን እነሱ ከበረካ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እርስዎ ያድራሉ።

አማቴ አሁንም «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቃል፣ ጣራ ላይ ትወረውረዋለች» እያሉ ነው። ይወልቃል፣ ልክ ናቸው። ግን የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች ከ10 እስከ 12 ዓመት ድረስ አፏ ውስጥ መቆየት አለባቸው። እስከዚያ የምታኝክባቸው እነሱ ናቸው፣ ለቋሚው ጥርስ ቦታ የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ካመረቀዘ ደግሞ ሥሩ ተኝቶ ተራውን የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳዋል። ጥርስ ያመማት ልጅ ሌሊት ስታለቅስ ተነስቶ የሚያባብላት ጣራው አይደለም።

ስለዚህ ጋሽ ጭስ፣ ውሳኔውን ላሳውቅዎ። በረንዳ የሚል ድርድር አልቀበልም፤ በሩ ሥር ክፍተት አለ፣ መግቢያዎን ያውቁታል። ሽንት ቤትም አይሆንም። አባወራው እርስዎን ማግኘት ከፈለገ ከግቢ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ጃንጥላ ይዞ ይቀበልዎታል። ሲመለስ ኮቱን በረንዳው ላይ ይሰቅላል፣ እጁን ይታጠባል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ከዚያ ልጁን ይስማል። ጭራሽ ብትለያዩ የመጀመሪያዋ አጨብጫቢ እኔ ነኝ፤ እሱንም ሰሞኑን እያሰበበት ነው፣ ቢያንስ ዝናብ ሲዘንብ። ሚጣ ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና፣ በአተር ፍሬ መጠን፣ እኔ እያየኋት ትቦርሻለች። ከከረሜላው ጋር ያለን ጉዳይ ለብቻው እየታየ ነው። እርስዎ ግን ሻንጣዎን ይዘው ይውጡልን። መጋረጃውን እኔ አጥበዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሚጣ እናት

ግልባጭ፦
ለአባወራው — ለተግባራዊነቱ
ለቅዳሜ በርጫ አባላት — እንዲያውቁት፣ ለስላሳውንም እንዲያቆሙ
ለአማቴ — በትህትና
ለጥርስ ትሏ — ክሷ መነሳቱን እንድታውቀው