የአስራ አምስት ሰከንድ ሊቃውንት

እኛ ጅማዎች በቡናና በበርጩማ ብቻ መታወቃችን ግፍ ነው፣ ጆሯችንስ? ፈረንጅ አራዳ ቡና ከምጠጣበት ቤት የማይጠፉ ወንድሞች አሉኝ፣ አንድ የሮክ ባንድ ዘፋኝ ቀየረ ሲባል አዲሱን አልበም እስኪሰሙ አይጠብቁም፣ በቃ ቀብሩን እዛው ያስፈጽሙታል። ተባረኩ! ሌላው ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጎልቶ ሲያዳምጥ ጊዜውን ያባክናል፣ እነሱ ግን ውጪ ባጃጁ እያንባረቀ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በተሰነጠቀ ሞባይል 15 ሰከንድ ሰምተው "ሳውንዳቸው ጠፍቷል" ይላሉ። ይግባኝ የለውም።

የአሜሪካኖቹ ሮክ ባንድ የሊንኪን ፓርክ ችሎት መቼም አይረሳኝም። በፈረንጆቹ 2024 ኤሚሊ አርምስትሮንግ በሟቹ ዘፋኝ በቼስተር ቤኒንግተን ቦታ ገባች ሲባል ዋናው ሊቃችን ስኒውን አስቀመጠና "ቼስተር ከሌለ ሊንኪን ፓርክ የለም" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ምን ዓይነት ታማኝነት ነው! ይሄው ሰውዬ እኮ በ2017 ቼስተር በህይወት እያለ አዲስ አልበም ሲያወጡ "ጊታሩን የት ጣሉት፣ ፖፕ ሆኑ፣ ተሸጡ" ብሎ ዶርም ውስጥ ፖስተራቸውን የቀደደ ሰው ነው። ያኔ ዘፋኙ ያው ሆኖ ሳውንዱ ስለተቀየረ ተሰደቡ፣ አሁን ልጅቷ መጥታ ጩኸቱም ጊታሩም ሲመለስ ደሞ "የድሮውን ለመምሰል ነው" ተብለው ተሰደቡ። ያልተቀየረው ስድቡ ብቻ ነው። ድራመሩም እኮ አብሮ ተቀይሯል፣ ለሱ ግን አንድም ሰው አላለቀሰም (ድራመር መሆን እንዲህ ነው)።

ቼስተር ራሱ በ1999 የገባው የፊተኛው ዘፋኝ ለቆ በሄደበት ቦታ ነው ልል አፌን ከፈት ሳደርግ "አንተ ዝም በል፣ እኛ ከነዚህ ልጆች ጋር ነው ያደግነው" ተባልኩ። ልክ ናቸው፣ አብሮ አደግ በማስረጃ አይረበሽም።

ቅዳሜ ለታ ደሞ ሊቁ "እስቲ የኤሲዲሲን ኦሪጅናሉን ጣል አርግልን፣ ቦን ስኮት የዘፈነውን" አለኝ። ያንን ሽፋኑ ጥቁር የሆነውን የ1980 አልበም ከፈትኩለት። የዚህ ሮክ ባንድ ዘፋኝ የነበረው ቦን ስኮት የዛን ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሞተ፣ ብራያን ጆንሰን በቦታው ገባ፣ አልበሙ በጁላይ ወጣና ከዓለም በብዛት ከተሸጡት አንዱ ሆነ፣ ማለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጮኸው ተተኪው ነው። ሊቁ ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን ወዘወዘ፣ ጣቱም ጠረጴዛው ላይ ድራም መታ።

"አየህ፣ ድምፅ ማለት ይሄ ነው" አለኝ፣ "እሱ ሲሞት ባንዱም አብሮ ሞተ።"

ምን ልበል፣ የቡናውን ሂሳብ የሚከፍለው እሱ ነው። "በጣም እንጂ" አልኩና ቶናዬን አስቀዳሁ።