ለነጥብ እንጮኻለን፣ ለልጅ ዝም እንላለን

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የትግል ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚደነግጠው በልጆቹ አይደለም። በወላጆቹ ነው። ልጆቹማ ተጨባብጠው ይጀምራሉ፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ጉዱ ያለው መቀመጫው ላይ ነው። እናት ድምጿ እስኪዘጋ ትጮኻለች። አባት ራሱ የሚታገል ይመስል ትከሻውን ያወዛውዛል፣ አንገቱን ይሰብቃል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ይጎሽማል። ያ ሁሉ ጩኸት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው፤ ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ሸሚዝ የለበሰው ዳኛ ላይ።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ጩኸት አልጠላም። ልጄ ትግል ከጀመረች ወዲህ የብርዱን ወራት ቅዳሜዎች የማሳልፈው ሜሪላንድ ውስጥ ባሉ ጂሞች ነው፤ ጂም ዝም ካለ ትግሉ አይጥምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የምንጮኸው ለምኑ ነው? ዝም የምንለውስ መቼ ነው?

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ይሄ ወንበር የሚወረወርበት የቴሌቪዥን ሬስሊንግ አይደለም። የምር ትግል ነው። ግጥሚያው ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ስድስት ደቂቃ ታግሎ ለማያውቅ ሰው አጭር ይመስላል። የተጋጣሚህን ሁለት ትከሻ ማቱ ላይ፣ ማለትም የሚታገሉበት ምንጣፍ ላይ፣ ለሁለት ሰከንድ ካጣበቅህ አለቀ፣ ፒን ነው፣ ነጥብ የሚቆጥር የለም። ካልሆነ በነጥብ ነው። ቆሞ ያለን ተጋጣሚ ጥሎ መቆጣጠር፣ ቴክዳውን የሚሉት፣ ድሮ 2 ነጥብ ነበር፤ ከ2024–25 የውድድር ዘመን ጀምሮ 3 ሆኗል። አንዳንድ ወላጆች ከልማዳቸው ስላልወጡ እስካሁን “ቱ!” እያሉ ይጮኻሉ። በገዛ ልጃቸው ላይ አንድ ነጥብ እየቀነሱ።

አዮዋ ውስጥ ትግል ለሰዉ እንደኛ ሩጫ ነው። የስቴቱ ሻምፒዮና ደሞይን ከተማ ላይ ሲካሄድ ትልቁ አዳራሽ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይሞላል። ፔንስልቬንያ ሄርሺ ላይ፣ ኒው ጀርሲ ደግሞ አትላንቲክ ሲቲ ቦርድዎክ ሆል ውስጥ ያው ነው። አሁን ደግሞ ሴቶቹ መጡ። በ2023–24 በመላው አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚታገሉ ሴቶች ከ64 ሺህ አልፈዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 50 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሹሩባቸውን በራስ መከላከያው ሥር ጠቅልለው የሚገቡ የኛ ልጆችም አሉበት።

እኛ ራሳችን ለዚህ ስሜት እንግዳ አይደለንም። ትግል ዛሬም ከኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች አንዱ ነው። ገናም አለ። ሩር ሲለጋ “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ይባላል። የሎሌው ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኝ ክስ የለም፤ በጨዋታው መሐል ሌላውን ወገን በግጥም መዝለፍም ይፈቀዳል። ግን ልብ በሉ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ዱላ ለጨበጠ፣ ቅልጥሙን ለሰጠ ሰው ነው። እዚህ ጂም ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ማቱ ላይ ያሉት ልጆች ጨዋ ናቸው። ነፃነቱን የወሰድነው ቅልጥማችን የማይነካው እኛ ነን።

ንዴቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የውድድሩ ወቅት ኅዳር ላይ ይጀምራል፣ ወዲያው የገና ጾም ይገባል። ሻምፒዮናው የካቲት ላይ ሲደርስ ሁዳዴ ደጅ ላይ ነው። ልጅቷ ክብደቷን ጠብቃ ሚዛን ላይ መውጣት አለባት። አያቷ በስልክ “ጾሙን እንዳትሽሪ” ትላታለች። አሰልጣኟ “ፕሮቲን ብዪ” ይላታል። እኔ መሐል ላይ ሆኜ ምስርና ሽምብራ እቀቅላለሁ።

ክብደት ለመቀነስ ራስን ማድረቅ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በ1997 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ሦስት የኮሌጅ ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለመቀነስ ሲሉ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚታገል ልጅ ወቅቱ ሲጀምር የሰውነቱ ውሃና ስብ ይለካል። ወንድ ከ7 በመቶ፣ ሴት ከ12 በመቶ የሰውነት ስብ በታች የሚያወርዳቸው ክብደት ውስጥ እንዲገቡ አይፈቀድም። ይሄን ሁሉ ችሎ የመጣ ልጅ በአንድ ፊሽካ ሲሸነፍ ወላጁ ቢበግን አይገርምም።

ግን እስቲ አንድ ግጥሚያ ሙሉ ዳኛውን ብቻ ተከታተሉት። አንዱ እጁ ላይ አረንጓዴ፣ ሌላው ላይ ቀይ አምባር አስሯል፤ አረንጓዴው ለባለሜዳው፣ ቀዩ ለእንግዳው። ነጥብ ሲሰጥ የዚያን ቀለም እጅ አንሥቶ በጣቶቹ ያሳያል። ይዞራል፣ ያጎነብሳል፣ ይንበረከካል። ነገሩ ወደ ፒን ሲሄድ በደረቱ ይተኛል። ጉንጩን ማቱ ላይ ለጥፎ በልጁ ትከሻና በማቱ መካከል ያለችውን ክፍተት ይፈልጋል። ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ናት። ካለች ዝም ይላል። ከጠፋች በልቡ ቆጥሮ ማቱን በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። እኛ ያቺኑ ክፍተት የምናያት ከአምስተኛው ረድፍ፣ በሰው ጭንቅላት መሐል፣ በስልክ ዙም አድርገን ነው። ከዚያም “ዕውር!” እንለዋለን።

በአንድ የቅዳሜ ውድድር ላይ አጠገቤ የነበረ ያገሬ ሰው ልጁ ሲገለበጥበት ብድግ አለ። “ኧረ ዳኛ! የእግዜር ያለህ! ዓይን የለህም እንዴ?” በአማርኛ ነው። ዳኛው ዞሮም አላየው። ልጁ ግን ሰማ። ቀና ብሎ አባቱን ሊያይ ሲል ተጋጣሚው ያቺን ቅጽበት ተጠቀመባትና ጀርባውን ማቱ ላይ አሳረፈው። ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት “ጋሼ፣ ዳኛው አማርኛ አይሰማም፤ ልጅዎ ግን ይሰማል” አለችው። ሰውዬው ተቀመጠ። እስከ ግጥሚያው መጨረሻ ፖፕኮርኑን ሲያገላብጥ ነበር።

በዚህ ስፖርት አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው በዳኛው ዕይታ ላይ ነው። ጣለው ብቻ ሳይሆን ተቆጣጠረው ወይ? የሚሸሸው ልጅ ጊዜ እየገደለ ነው ወይስ አጥቂው ራሱ ነው የቆመው? ወላጅ “ስቶሊንግ!”፣ ጊዜ እየገደለ ነው፣ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የሌላው ሰው ልጅ ላይ ነው፤ የራሱ ልጅ ስቶል አድርጎ አያውቅም። ደንቡ ይሄን ጉዳይ በደንብ ለይቶታል። አሰልጣኙ ሕጉ በስህተት ተሠራበት ካለ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ዳኛውን ማነጋገር ይችላል። “ይሄ ሦስት ነው፣ ሁለት አይደለም” ማለት መብቱ ነው። “ያየኸውን በትክክል አላየህም” ብሎ መከራከር ግን አይፈቀድለትም፤ ከቀጠለበት ቡድኑን ነጥብ ያስቀንሳል። ኮሌጅ ላይ አሰልጣኝ በቪዲዮ ይታይልኝ ማለት ይችላል። በተራ የሥራ ቀን ምሽት በሚደረግ የትምህርት ቤት ግጥሚያ ላይ ያለው ግን አንድ ዳኛና ሁለት ዓይን ነው።

እኔን በጣም የሚያበሽቀኝ ዳኛው ልጅ ለማዳን ሲነፋ የሚነሣው ጩኸት ነው። ክንድ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ሲሄድ ጉዳት ሳይደርስ አስቀድሞ ያስቆማል። ለያዘው ልጅ ወላጅ ይሄ ከአፍ ላይ የተነጠቀ ድል ነው። የተያዘው ልጅ ትከሻ ግን የአንድ ሰው ልጅ ትከሻ ነው። ተጋጣሚህን ከመሬት ካነሣኸው በደህና መልሰህ የማውረድ ኃላፊነቱ ያንተ ነው ይላል ደንቡ። ከፈጠፈጥከው ትቀጣለህ። ተጎድቶ መቀጠል ካልቻለ አሸናፊው እሱ ነው። ከትግል ሕጎች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። ሲተገበር ግን “ልጄ ጠንካራ ስለሆነ ነው የቀጣኸው” የሚል ሰው አይጠፋም።

የዚህ ሁሉ ውጤት እየታየ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን እንደሚለው ከ2018–19 ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በሁሉም ስፖርቶች ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ዳኞች ፊሽካቸውን ሰቅለዋል። ኮቪድ የራሱ ድርሻ አለው። የወላጅ ስድብም እንዲሁ። ለመሆኑ ከመደበኛ ሥራው ወጥቶ፣ በትራፊክ ተጨናንቆ፣ በትንሽ ክፍያ ሊሰደብ የሚመጣ ማን ነው?

እስካሁን ለዳኛው ጥብቅና የቆምኩ መስያለሁ። አሁን ወደ ሌላው ጎን።

ዲሴምበር 2018፣ ኒው ጀርሲ። የቡዌና ሪጅናል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ16 ዓመት ጥቁር ተማሪ ለግጥሚያ ተዘጋጅቷል። ፀጉሩ ድሬድ ነው። ነጩ ዳኛ ፀጉሩም መሸፈኛውም ደንቡን አያሟሉም አለ። የቤተሰቡ ጠበቃ በኋላ እንደተናገረው ዳኛው ዘግይቶ የመጣ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚታየው ገና ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ለልጁ 90 ሰከንድ ተሰጠው፤ ወይ ፀጉርህ ይቆረጣል፣ ወይ ትሸነፋለህ። አንዲት የቡድኑ ባለሙያ እዚያው ጂሙ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በመቀስ ቆረጠችለት። ልጁ ገብቶ በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ። ቪዲዮውን ያየ ሰው ፊቱን አይረሳውም። የአሸናፊ ፊት አልነበረም።

ዳኛው ያደረገውን ብዙ ሰው አውግዞታል። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ጂሙ ነው። ለአንድ ቴክዳውን ጣሪያ የሚያነቃንቅ ሕዝብ የተቀመጠበት ቦታ ነው። አሰልጣኞቹ ተከራክረው እንደነበር ተነግሯል። መቀሱን የጨበጠውን እጅ የያዘ ሰው ግን አልነበረም። “ይሸነፍ፣ አይቆረጥም” ብሎ ልጁን ከዚያ ይዞት የወጣ አዋቂ አልተገኘም። ጩኸት የሚያስፈልግበት ቀን ቢኖር ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ቪዲዮው ተሠራጨ፣ የስቴቱ የሲቪል መብቶች ክፍል ምርመራ ከፈተ። በሴፕቴምበር 2019 በተደረሰው ስምምነት ዳኛው ለሁለት የውድድር ዘመን ታገደ፤ የስቴቱ የስፖርት ማኅበርም ዳኞቹን ስለ አድልዎ እንዲያሠለጥን ተደረገ። ግጥሚያው በተደረገ ልክ በዓመቱ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2019፣ በፀጉር አሠራር ሰበብ ማግለልን የሚከለክል ሕግ በኒው ጀርሲ ተፈረመ። በኋላም የፀጉር ርዝመት ገደቡ ራሱ ከብሔራዊው የትግል ደንብ ወጣ።

ይሄ ጉዳይ የሩቅ አይደለም። የኔ ልጅ ሹሩባ አላት፣ የጎረቤቴ ልጅ ድሬድ አለው። ታዲያ እኛ ሐበሾች ለስብሰባ ስንጠራ “እነሱ ያውቃሉ” ብለን እንቀራለን፤ ቅዳሜ ግን ዳኛ እናስተምራለን። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱ የሚጠራው የወላጆች ስብሰባ አለ። እዚያ ተገኝታችሁ ጠይቁ። ፀጉርና መሸፈኛ የሚታየው መቼና በማን ነው? ዳኛ ዘግይቶ ቢመጣ ምን ይደረጋል? አቤቱታ በጽሑፍ ለማን ይገባል? አንድ ዳኛ ልጅን የሚያዋርድ ትእዛዝ ቢሰጥ አሰልጣኙ ቡድኑን ይዞ እንደሚወጣ ከአሁኑ ቃል ይገባል ወይ? መልሱ “እናየዋለን” ከሆነ በኢሜይል ደግማችሁ ጠይቁ፤ እዚህ አገር በጽሑፍ የተጠየቀ ነገር ይከብዳል።

ሌላም መንገድ አለ። ደንቡን ከዳኛው በላይ እናውቃለን የምትሉ፣ በተለይ እዚህ ያደጋችሁና በትምህርት ቤት የታገላችሁ ልጆቻችን፣ የዳኝነት ፈቃድ አውጡ። ከባድ አይደለም። የስቴታችሁ የዳኞች ማኅበር ጋ መመዝገብ፣ ሥልጠናውን መከታተል፣ የደንብ ፈተናውን ማለፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታዳጊዎች ግጥሚያ ያስጀምሯችኋል። እስካሁን በሄድኩባቸው ጂሞች አንድም ሐበሻ ዳኛ አላየሁም። ያ ያገሬ ሰው በአማርኛ ሲጮህ ዞር ብሎ “ጋሼ፣ ይቀመጡ” የሚለው ዳኛ ቢገኝ ደስ ይለኛል።