ዲግሪው ብቻውን ምን ይሠራል?

ባሕር ዳርቻ ለማይኖር ሰው የባሕር ዳርቻን ሙቀትና እርጥበት ማስረዳት ያደክማል። «እናንተማ ታድላችሁ፣ ነፋሱ አለላችሁ» ይላሉ። የትኛው ነፋስ? ቀን ከባሕር ይነፍሳል፣ ሌሊት ተገልብጦ ከየብስ ይነፍሳል። በመሃል፣ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ጭራሽ ቀጥ ይላል። ሰው አረፍ የሚለው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የአየር ትንበያው ነው። «32 ዲግሪ» ብሎ ያልፋል። እርጥበቱስ? አየሩ በውሃ ትነት ከሞላ ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ሰውነት አይቀዘቅዝም። እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን ያው 32 ዲግሪ ለሰውነት ከ40 በላይ ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ሙቀት ሰው ይገድላል፤ በተለይ አዛውንቶችንና ደጅ ውለው የሚሠሩትን።

ሙቀቱ ያልፋል ስትል ደግሞ አያልፍም። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሌላው አገር ሹራብ ሲያወጣ ባሕሩ ገና ትኩስ ነው። ብርዱም በተራው ሲመጣ እርጥብ ነው፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። የታጠበ ልብስ ውሎ አድሮ እንኳን አይደርቅም። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ቆዳ ጫማ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ጨዋማው አየር የበሩን ማጠፊያ በልቶት፣ ቁልፉ አልዞር ብሎ ደጅ መቆም አለ።

ትንበያ አቅራቢዎች፣ እባካችሁ እርጥበቱን ከዲግሪው እኩል በትልቁ ጻፉት። ሠራተኛ የምታሠሩም የዕረፍት ሰዓቱን በዲግሪው ብቻ አትወስኑ።