ጀርመን አገር ታክሲ፣ እኛ ጋ የሹም መኪና

አገር ቤት መርሴዲስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሹም ነው። ካልሆነም ትልቅ ነጋዴ። መኪናው ሲያልፍ ማን እንዳለበት ለማየት አንገታችንን እናሰግጋለን። ጀርመን ስትመጣ ግን ያው መርሴዲስ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ተሰልፎ መንገደኛ ይጠብቃል።

ይህን ስም ካተረፉለት ሞዴሎች እኔ በጣም የምወደው ደብልዩ 123ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ቀረበ፤ እስከ 1986 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመረተ። መጀመሪያ አካባቢ ወረፋው በጣም ከመርዘሙ የተነሳ ትንሽ የተነዳው መኪና ከአዲሱ በላይ ዋጋ ያወጣ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ባለታክሲውም የሚነዱት አንድ ቅርጽ ነው፤ የሚለያየው ሞተሩ ነው። 280ኢ የሚባለው እስከ 185 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የባለታክሲው 200ዲ ደግሞ መጀመሪያ ላይ 55 ብቻ! ከቆመበት ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

ታዲያ ባለታክሲው ምኑን ወደደው? አለመሞቱን። የናፍጣ ሞተር ነው፣ ኮምፒውተር የለበትም። ጠዋት በብርድ ቁልፉን ታዞራለህ፣ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ትታገሳለህ፣ ከዚያ ይንቀጠቀጥና ይነሳል። ሲታመም በድምፁ ይናገራል። ጆሮ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍት ያውቅለታል።

ከደብልዩ 123 በፊት የነበረው 240ዲም እንደዚያው ነው። ግሪጎሪዮስ ሳኪኒዲስ የሚባል የተሰሎንቄ ባለታክሲ በአንዱ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለመርሴዲስ ሙዚየም አስረክቧል። እርግጥ ሞተሩን እየቀያየረ ነው። ግን እኮ ሊቀየር፣ ሊፈታና ሊገጠም ተደርጎ የተሠራ መኪና ነው፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ጀርመኖች ለእንዲህ ያለ መኪና ክብር ይሰጣሉ። 30 ዓመት ሞልቶት እንደ ጥንቱ በደንብ የተያዘ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ኤች» የተጻፈበት ልዩ ታርጋ ያገኛል። የመንገድ ግብሩም የተወሰነ ነው፤ በዓመት 200 ዩሮ አይሞላም። ቅርስ ነው ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ፀሐይ ስትወጣ ይነዱታል፣ ክረምት ላይ ይሸፍኑታል።

እኛ ጋ አሮጌ መኪና በየቀኑ እንጀራ ያበላል። መለዋወጫ ከጠፋ መካኒኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ያስቀርጻል፣ ከሌላ መኪና አምጥቶ ያጋጥማል። እዚህ ጀርመን የመኪና ሐኪም የሚባለው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ይሰካል፤ «ይህ ክፍል ሙሉውን ይቀየር» ይልሃል፣ ሂሳቡም ያስደነግጣል። ለእኔ የአገር ቤቱ መካኒክ ችሎታ ከየትኛውም «ኤች» ታርጋ አያንስም። የሚያሳዝነኝ ማንም አይመዘግብለትም። ልጁን እንኳ «ዘይት ውስጥ አትግባ» ብሎ ነው የሚያሳድገው።

አሁን ደግሞ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። በኤሌክትሪኩ ደስተኛ ነኝ፣ የናፍጣ ጭስ ማንንም አልጠቀመም። ነገር ግን መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን እነዚያን አንጋፋ መካኒኮች ደመወዝ ከፍለው አስተማሪ ቢያደርጓቸው እወዳለሁ። ወረቀት የላቸውም ተብሎ ከበር መመለስ የለባቸውም።