በአንቺ ወይም በስክሪፕት ተቀይሯል

ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እኔና ላፕቶፔ ተፋጠን ተቀምጠን ነበር። እሱ ጥያቄ ጠይቆኛል። መልስ ይጠብቃል። እኔ ጥያቄው አልገባኝም። ነጯ ጠቋሚ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። እንዲህ ያለ ትዕግስት ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ደሜን ያፈላውም እሱ ነው።

ከስሩ ልጀምርላችሁ። ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃል ሲባል ወደ 11 ልሻገር አልኩ። ፕሮሰሰርሽ ከተፈቀዱት ውስጥ የለም ተባልኩ። በቃ። የሚሠራ ዕቃ አውጥቼ ልጥል ነው? አንጀቴ እምቢ አለ።

ጓደኛዬ ሰማና "ሊኑክስ ጫኚበትና ተገላገዪ" አለኝ። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው አለ። ነጻ ነው አለ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 የጀመረው ነው፣ ዛሬ አንድሮይድ ስልክሽ ውስጥ ያለው ከርነል (ሶፍትዌሩን ከሃርድዌሩ የሚያገናኘው እምብርት) ሳይቀር እሱ ነው አለ። ሁሉም እውነት ነው። አንድ ውሸት አልነገረኝም። እኔን የበላኝ ያልነገረኝ ነው።

ለምሳሌ "ሊኑክስ" ብሎ የሚጫን ነገር እንደሌለ አልነገረኝም። ሊኑክስ ከርነሉ ነው። የሚጫነው በከርነሉ ላይ የተሠራው ሙሉ ሲስተም፣ ዲስትሮ የሚሉት ነው። ዲስትሮ ደግሞ ዴቢያን አለ፣ ፌዶራ አለ፣ አርች አለ፣ ሚንት አለ፣ ማለቂያ የለውም። የትኛው ይሻላል ብላችሁ በሰው ፊት እንዳትጠይቁ። የወንድማማቾች የውርስ ክርክር መሀል እንደ መግባት ነው። እኔ ከዴቢያን ከተወለዱት አንዱን መረጥኩ። ስሙን አልጠራም፤ ወዳጁ ብዙ ነው፣ ጥፋቱም ግማሹ የኔ ነው።

ግማሹ የኔ ነው ያልኩት በቁጥሩ ምክንያት ነው። ለማውረድ ስገባ ሁለት እትም ቀረበልኝ። አንዱ ቁጥሩ ያንሳል፣ ጎኑ ላይ ኤልቲኤስ የምትል ቅጥያ አለችው። ሌላው ቁጥሩ ይበልጣል፣ ቅጥያ የለውም። እኔ እንግዲህ ትልቅ ቁጥር ማለት አዲስ ነው፣ አዲስ ማለት ጥሩ ነው የምል ሰው ነኝ። ትልቁን አወረድኩ። ቁጥሩ ቀን መሆኑን ማን ነገረኝ? ኡቡንቱ በሚባለው ዲስትሮም ላይ እንዲሁ ነው፤ 24.04 ማለት የ2024 አራተኛ ወር፣ 24.10 ማለት የዚያው ዓመት አስረኛ ወር ማለት ነው። ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ) የተባለው አምስት ዓመት እድሳት ይላክለታል። ያለ ቅጥያ የሚወጣው ዘጠኝ ወር። ዘጠኝ ወር! ጽንስ እንኳ ኑሮ የሚጀምረው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። የኔው እዚያ ላይ አለቀ።

ግን ወደዚያ ገና ነን። መጀመሪያ ፍላሹ አለ። ያወረድኩትን ፋይል ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጌ ሰካሁ። ምንም። ለካ ኮፒ አይደረግም፤ ፍላሹ እንዲነሳ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ፕሮግራም አለ። እሺ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ በፍላሹ እንዲነሳ ሲበራ አንድ ቁልፍ መጫን አለብኝ። የትኛውን? ኤፍ2 ሊሆን ይችላል። ኤፍ12 ሊሆን ይችላል። ኢስኬፕም ይሆናል። እንደ አምራቹ ነው። ያለኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ሁሉንም በአንዴ ደበደብኩ። ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ። አራት ጊዜ።

በአምስተኛው ገባሁ። መጫኛው ቆንጆ ነው፣ ሐቁን ልናገር። ቋንቋ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ኪቦርድ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ሰዓትሽ የየት ነው አለኝ፣ ካርታ ላይ ነካሁ። ደስ አለኝ፣ ጎበዝ ነኝ እያልኩ ነው። ቀጣዩ ገጽ መጣ። ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን? ከዊንዶውስ ጎን ልጫን? ወይስ ራስሽ ትከፋፍያለሽ?

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ብሶቴ እዚህ ነው ያለው። የኪቦርድ ጥያቄውና የዲስኩ ጥያቄ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ "ቀጥል" በሚል አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው የሚቀርቡት። አንዱን ብትሳሳቱ ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ትቀይራለች። ሌላውን ብትሳሳቱ የአራት ዓመት ፎቶ ይጠፋል። ማስጠንቀቂያ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን ማስጠንቀቂያውም የተጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው። "በእነዚህ ክፍልፋዮች ላይ ያለው መረጃ ይጠፋል" ብሎ ስማቸውን ይዘረዝራል። ኤንቪኤምኢ ዜሮ ኤን አንድ ፒ ሦስት። ይሄ ማነው? ፎቶዎቼ የሚኖሩት እሱ ጋ ነው? ኤስዲኤ የሚል ሌላም አለ። ኋላ እንደደረስኩበት ኤስዲኤ ራሱ የሰካሁት ፍላሽ ነው! የመጫኛውን ፍላሽ እንደ ዲስክ ቆጥሮ አብሮ አሰልፎልኛል። እኔ ደግሞ ኤ ስለሚል ዋናው እሱ ነው ብዬ ነበር።

በዚያች ሰዓት ጓደኛዬ ደወለ።

"ባክአፕ ይዘሻል አይደል?"

ዝም አልኩ።

"አንቺ!"

ሁሉንም ዘግቼ ወጣሁ። ፎቶ ስገለብጥ አነጋሁ። ለዚያች ስልክ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ፣ ሌላው ላይ ግን ይቅር አልለውም።

መጫኑ ራሱ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ከዊንዶውስ ጎን አስቀመጥኩት። ተነሳ፣ ፈጣን ነው፣ ፋኑ እንኳ ጸጥ አለ። ዋይፋይ የለም። ዋይፋይ የሚባል ምልክት ጭራሽ የለም። ለዋይፋይ ካርዴ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ያስፈልገዋል። ድራይቨሩ ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔት ለመግባት ዋይፋይ ያስፈልጋል። ይህን ዙር ሁለት ቀን ዞርኩት። በሦስተኛው ቀን ስልክን በቻርጀሩ ኬብል ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት እንደሚቻል ደረስኩበት። ሰካሁ፣ ያለ ምንም ጥያቄ ሠራ። እንዲህ ቀላል ነገር መጫኛው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ምን ይጎድላል? በነገራችን ላይ ዴቢያኖች ኮዳቸው ክፍት ያልሆነ ፈርምዌሮችን (ዕቃው ራሱ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ከይፋዊ መጫኛቸው ጋር ማካተት የጀመሩት በ2023 በወጣው 12ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ምን ያህል ኬብል እንደሰካ አስቡት።

የኔ ካርድ ግን ከዚያም የባሰ ነው። ድራይቨሩ እዚያው ማሽን ላይ የሚገነባ ዓይነት ሆነ። ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት። ይችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

(ሰዓቱም ተዛባ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአካባቢ ሰዓት ያነበዋል። በቀየርኩ ቁጥር ሰዓታት ወደኋላ እሄዳለሁ። አንድ ስብሰባ በዚህ አለፈኝ። ይለፍ።)

ተርሚናሉን፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ደግሞ ልንገራችሁ። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሥራ የሚል ትዕዛዝ) ብዬ ጻፍኩ፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ስጽፍ ምንም አይታይም። ነጥብ የለ፣ ኮከብ የለ፣ ጠቋሚዋ ንቅንቅ አትልም። ኪቦርዴ ተበላሸ ብዬ ፍላሽ መብራት ይዤ ቁልፎቹን ስጠርግ ነበር። ለካ የፓስወርዱ ርዝመት እንዳይታወቅ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። መናገር ግን ነውር ነው?

ከዚያ ፕሮግራም የሚጭነው የአፕት ሁለት ትዕዛዞች፦ አፕት አፕዴት እና አፕት አፕግሬድ። ሁለቱንም በአማርኛ "ማሻሻል" ነው የምላቸው። እኔ ለወራት በየሳምንቱ አፕዴት ስል፣ ማሽኔ እየተሻሻለ ነው ብዬ በሰላም ስተኛ ነበር። አፕዴት የሚያድሰው ዝርዝሩን ነው። ምን አዲስ ነገር እንደወጣ ማወቅ ብቻ። አንድም ነገር አይጭንም። የሚጭነው አፕግሬድ ነው። በየሳምንቱ የገበያውን ዝርዝር አንብቤ ባዶ እጄን ስመለስ ከረምኩ ማለት ነው።

"ማንዋሉን ለምን አታነቢም?" ይለኛል ያ ጓደኛዬ። አነበብኩ። የማንዋሉ ችግር መልሱን የምታገኘው ጥያቄውን በትክክለኛ ስሙ ከጠራኸው ብቻ መሆኑ ነው። ስሙን ባውቅ ኖሮ ምን አስጨነቀኝ?

እንግዲህ ዘጠኝ ወሩ አለፈ። እኔ አላወቅኩም። አንድ ቀን አፕዴት ስል ስክሪኑ 404፣ 404፣ 404 (ፋይሉ አልተገኘም) ብሎ ሞላ። ለካ ጊዜው ያለፈበት እትም ፋይሎቹ ከነበሩበት ተነስተው ወደ አሮጌዎቹ ማህደር ይዛወራሉ። ወደ አዲሱ ለማለፍ መጀመሪያ ያለሁበትን ማደስ አለብኝ። ያለሁበትን ለማደስ ፋይሎቹ የሉም። ስለዚህ አድራሻውን በእጄ ወደ ማህደሩ ቀየርኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያኔ ቁጥር አይቼ እንደሮጥኩት ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

የሆነ ሆኖ ሠራ። አፕግሬዱ ተጀመረ። ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ስልሳ በመቶ ደረሰ፣ ሰባ ደረሰ፣ ቆመ።

"ሎጊንድ ዶት ኮንፍ" ስለሚባል የቅንብር ፋይል ይጠይቀኛል። ከተጫነ በኋላ ተቀይሯል ይላል። በማን? "በአንቺ ወይም በስክሪፕት።" ስክሪፕት ማለት በራሱ የሚሮጥ የትዕዛዞች ዝርዝር ነው። ወንጀል የሠራሁ መሰለኝ። ይቀጥላል፦ የፓኬጁ (የፕሮግራሙ ጥቅል) አዘጋጅ ደግሞ አዲስ ቅጂ ልኳል። ምን ይደረግ? ዋይ ወይም አይ ካልሽ የአዘጋጁ ይጫናል። ኤን ወይም ኦ ካልሽ ያንቺው ይቆያል። ዲ ካልሽ ልዩነቱን አሳይሻለሁ። ዚ ካልሽ ሼል (ትዕዛዝ መጻፊያ) እከፍትልሽና ሁኔታውን ትመረምሪያለሽ።

ሁኔታውን ትመረምሪያለሽ! በሌሊት በስምንት ሰዓት።

ማሰብ ጀመርኩ። ይሄን ፋይል መቼ ነካሁ? ከብዙ ሐሳብ በኋላ ትዝ አለኝ። ከወራት በፊት ክዳኑን ስዘጋ ላፕቶፑ እንዳይተኛ ፈልጌ አንድ ትዕዛዝ ከሆነ ቦታ ገልብጬ ለጥፌ ነበር። ለጥፌ ረሳሁት። እሱ አልረሳውም።

ልዩነቱን ልይ ብዬ ዲ ጫንኩ። ፕላስና ማይነስ ያለበት ሁለት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ መጣ። ወደ ታች ወረድኩ። ከስሩ "መጨረሻ" ይላል። መጨረሻ ይላል እንጂ አያልቅም። ኢንተር ብል የለም። ኢስኬፕ የለም። ኮንትሮል ሲ የለም። ልመለስ ብል መንገዱን አላውቀውም። አሁን ደግሞ ሁለት ጥያቄ ሆነብኝ፤ መጀመሪያ የጠየቀኝና ከዚህ እንዴት ልውጣ የሚለው የራሴ። ሃያ ደቂቃ ታግዬ መስኮቱን በኤክስዋ ዘጋሁት።

አፕግሬድ መሀል ላይ። አዎ፣ አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ።

ጓደኛዬን ቀሰቀስኩት። "ኪው" አለኝ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ። "ምን?" "ኪው ተጫኚ። ለመውጣት።" አንዲት ፊደል! የኪቦርዱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሃያ ደቂቃ አየችኝ። እሱ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም፤ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መቼ እንዳወቃት ስለማያስታውስ ለማንም አይነግርም። ከመጫኛው ጀምሮ እስከዚህች ፊደል ያለው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። ጥያቄው ይቀድማል፣ መልሱን የምትማረው ከወደቅክ በኋላ ነው።

ተርሚናሉን መልሼ ከፈትኩ። ዲፒኬጂ (ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም) ተቋርጧል አለኝ፣ ለመጠገንም ይህን ትዕዛዝ ስጪ ብሎ ትዕዛዙን ራሱን ጻፈልኝ። ከዚህ ሁሉ ወራት ምን ላድርግ ሳልለው መልሱን የነገረኝ የመጀመሪያው የስህተት መልእክት እሱ ነው። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። እንዳለኝ አደረግኩ። የተቋረጠው ካለበት ቀጠለ፣ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ።

በአንቺ ወይም በስክሪፕት ተቀይሯል።

ዲ አልኩ። አነበብኩ። የኔዋን የክዳን መስመር አገኘኋት፣ ማይነስ ለብሳ ተቀምጣለች። ሌላው ሁሉ ፊቱ ላይ መሰላል ምልክት ያለበት ማብራሪያ ብቻ ነው። ኪው አልኩ። ወጣ! ኤን አልኩ። ጎርፉ ወረደ፣ መቶ ገባ፣ ሪስታርት ጠየቀኝ፣ ፈቀድኩለት።

አዲሱ እትም ተነሳ። ክዳኑን ዘጋሁት፣ ጆሮዬን ጠጋ አደረግኩ። አልተኛም። ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከፈትኩት፣ ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ልጽፍለት ብሮውዘር ነካሁ።

ገጹ አይከፍትም። ወደ ላይኛው ጥግ አየሁ። የዋይፋይ ምልክት የለም። ከርነሉ ተቀይሯላ።

የስልኬን ኬብል ያየ?