ወረፋው ይጠር፣ የሹፌሩ እንቅልፍ ግን አይነካ

የነዳጅ ቦቴዎች ከጅቡቲ አዲስ አበባ ቶሎ ቶሎ ይመላለሱ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እስማማለሁ። ግን ጊዜው የሚባክነው የት ነው? መሙያው በር ላይ፣ ድንበሩ ላይ ባለው ጋላፊ ኬላ፣ ማራገፊያው ጋ ተሰልፎ ነው። ጅቡቲና ጋላፊ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ሹፌርና ረዳት ቦቴው ሥር ካርቶን አንጥፈው ጥላ ይፈልጋሉ። ተራቸው ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መሪ ይይዛል።

ነዳጅ እንደ ሲሚንቶ ጭኖ የሚረሱት ነገር አይደለም። ታንከሩ ካልሞላ ኩርባ ላይ ይናጣል፣ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትታል። ከተገለበጠ ደግሞ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠው የመንደሩ ሰው አለ። እሱም አብሮ ይቃጠላል!

ስለዚህ መጀመሪያ ወረፋውን አሳጥሩ። ጋላፊና እዚያው መንገድ ላይ ባለችው ሚሌ ጥላ ያለው ማረፊያ፣ ውኃና መጸዳጃ ይኑር። በምልልስ ቁጥር ብቻ የሚታሰብ አበልም ይቅር፤ ሹፌሩን ሌሊት የሚያስነዳው እሱ ነው።